የጋዙ ምድጃ ዘመን

እሳት በጆሮም እንደሚታወቅ ያስተማሩኝ፣ ሜሪላንድ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ጡረተኛ በያጅ ናቸው። ማታ ማታ ከጋራዣቸው የሚሰማው ጉምጉምታ እየሳበኝ ደጃፋቸው ላይ መቆም አበዛሁ። አንድ ምሽት «ቆመህ ከምታይ ያዝ» ብለው መዶሻ ሰጡኝ።

ብረት ቀጥቃጭ አገር ቤት በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ከሰሉን፣ ወናፉን፣ ወናፍ የሚያናፋውን ልጅ። አዛውንቱ ዘንድ ግን አናፊ የለም። የጋዝ ሲሊንደር፣ ሬጉሌተር፣ ጎማ፣ አንድ የብረት ቱቦ፤ በቃ።

ቢላዋ መቀጥቀጥ እንደወደድኩ ሲያዩ የራሴን ምድጃ አብረን ሠራን። ወፍራም የብረት ሲሊንደር ቆርጠን ውስጡን በሁለት ድርብ የሴራሚክ ጥጥ አለበስነው፤ እያንዳንዱ አንድ ኢንች ነው። ብናኙ ለሳንባ ክፉ ስለሆነ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ሠራን፤ በላዩም እሳት የሚችል ሲሚንቶ ቀባንበት። ልቤን የሰረቀው ግን ማቃጠያው ነው። በሦስት ሩብ ኢንች ቱቦ አናት ላይ ከብየዳ ማሽን የተወሰደች የመዳብ ጫፍ ትገጠማለች፤ ቀዳዳዋ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ጋዙ በዚያች ቀዳዳ ሲወረወር የዙሪያውን አየር እየጎተተ ይገባል። ማራገቢያ የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ። ወናፉ ራሱ ጋዙ ነው! እስካሁን ያስደንቀኛል።

ከዚያ ማዳመጥ መጣ። አየር ሲበዛ እሳቱ ሹል ድምፅ ያወጣል፤ ብረቱም ቅርፊት እያበጀ ይበላል። ጋዝ ሲበዛ ደግሞ ከምድጃው አፍ ረጅም ብርቱካናማ ነበልባል ይወጣል። እሳቸው ጋዙ በጥቂቱ ያመዘነውን ይመርጡ ነበር፤ እኔም እንደዚያው። የጋራዡ በር ወለል ብሎ ካልተከፈተ ግን ክብሪት አይጫርም። ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ የሚገድልበት ያ ካርቦን ሞኖክሳይድ እዚህም አለና።

ስለ ቢል ሞራን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። ሞራን የዚያው የሜሪላንድ ሰው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካን የቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበር መሠረቱ። ሞራን የሚሠሩት በከሰል ነበር። በጋዝ የሚሠራን የሚንቁ ዛሬም አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጎረቤት መሐል ለሚኖር፣ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ለሚያገኝ ሰው፣ ጭስ አልባው ምድጃ በረከት ነው።

የመጀመሪያ ስለቴ ከመኪና ባሌስትራ ወጣ። ብረቱ ሲግል ማግኔት እናስነካዋለን፤ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔቱ መያዙን ይተዋል። ከዚያ ትንሽ አልፈን ሞቅ ባለ የምግብ ዘይት ውስጥ ነከርነው። አዛውንቱ ሞረድ ሲያስሄዱበት ሞረዱ ሳይነክሰው ተንሸራተተ፤ ጠንክሯል ማለት ነው። «ይኸው!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። እንዲሁ ቢተው ስለሚሰበር የወጥ ቤት ኦቨን ውስጥ 200 ዲግሪ ላይ አቆየነው።

የዚያን ዓመት የፋሲካን ዶሮ ወጥ ሽንኩርት የከተፈው እሱ ነው። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቢላዋ አታነሳም።