ኬንት፦ ከእንግሊዝኛ የሚቀድመው ስም

በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ያሉ አውራጃዎች ስማቸውን ያገኙት በአንድ መንገድ አይደለም። ኤሴክስ የምሥራቅ ሳክሶኖች፣ ሰሴክስ የደቡብ ሳክሶኖች ማለት ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጡት ሰዎች የያዙትን መሬት በራሳቸው ስም ጠሩት። ከኤሴክስ በቴምዝ ወንዝ የሚለየው፣ ከሰሴክስ ጋር የሚዋሰነው ኬንት ግን ስሙን ያገኘው እንግሊዝኛ በደሴቲቱ ከመነገሩ በፊት ነው። «አንግሎ ሳክሶኖች መጡ፤ ነባሩን ሕዝብ ጠራርገው አጠፉ» የሚለው የተለመደ ታሪክ ቢያንስ ኬንት ላይ አይሠራም ባይ ነኝ፤ የመጀመሪያው ምስክሬም ይኸው ስም ነው።

ከማሳሊያ፣ ከዛሬዋ ማርሴይ፣ የተነሣው ግሪካዊው ተጓዥ ፒቴያስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ወደ ብሪታንያ ተጉዟል። መጽሐፉ ቢጠፋም ኋላ የተነሡ ጸሐፍት ባቆዩልን መረጃ ውስጥ «ካንቲዮን» የሚለው ስም አለ። ዩልዮስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ54 ወደ ደሴቲቱ ሲዘምት የካንቲዩም ሰዎች ከብሪታንያ ነዋሪዎች ሁሉ የሠለጠኑ መሆናቸውን ጽፏል፤ አራት ነገሥታታቸውንም በስም ጠቅሷል። ሮማውያን ሕዝቡን ካንቲያኪ፣ ዋና ከተማውን ዱሮቨርኑም ካንቲያኮሩም አሉት። የስሙ ሥር ጠርዝ ወይም ዳርቻ የሚል፣ ነባሩ ሕዝብ ይናገረው የነበረው ጥንታዊ የኬልት ቋንቋ ቃል እንደሆነ ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ፤ ወደ አውሮፓ ተጠግቶ ባሕር ውስጥ ለገባ ምድር የሚስማማ ስም ነው። ሮማውያን ከወጡ በኋላ አገሩን የያዙት፣ ከባሕር ማዶ ከመጡት ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ጁቶች መሆናቸውን መነኩሴው ቤድ በ731 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው ታሪክ ይነግረናል። ሆኖም መንግሥቱ የጁቶች ተብሎ አልተጠራም። ሕዝቡ «ካንትዋሬ»፣ ማለትም የኬንት ሰዎች፣ ተባለ፤ ከተማውም «ዱሮቨርኑም» የሚለውን ጥሎ የኬንት ሰዎች ምሽግ፣ ካንተርበሪ፣ ሆነ። አሸናፊ በተሸናፊው አገር ስም የሚጠራው ስሙን የሚነግረው ሰው ሲያገኝ፣ ከዚያም አልፎ ስሙ የሚያስገኘው ክብር ወይም ጥቅም ሲኖር ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ኬንት በጠባብ የባሕር መንገድ ማዶ ከጋል፣ ከዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ይታያል፤ መርከበኞችና ነጋዴዎች ስሙን ያውቁት ነበር፤ ስለዚህ ጁቶች ከነባሩ ሕዝብ አንድ ሰው ሳያነጋግሩ ስሙን ይዘው ሊመጡ ይችሉ ነበር። ስሙ ብቻውን ቢቀር ኖሮ ይህን መመለስ ያስቸግረኝ ነበር። እንደ ዶቨር ያሉ የወደብ ስሞችም ከኬልት ቋንቋ መውረዳቸው አይረዳኝም፤ ወደብን መርከበኛ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በምዕራብ ኬንት የምትፈስሰው ትንሿ ወንዝ ዳረንትም ስሟ ኬልታዊ ነው፤ ከባሉጥ ዛፍ ጋር የተያያዘ። የእንዲህ ያለች ወንዝ ስም በብዛት የሚተላለፈው ዳሯ ከሚኖር ገበሬ አፍ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዘረመል ጥናት የሚመጣ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በመካከለኛው ዘመን መባቻ በምሥራቅና በደቡብ እንግሊዝ ከተቀበሩ ሰዎች የዘር ግንድ እስከ 76 በመቶ የሚሆነው ከሰሜን አውሮፓ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ትልቅ ፍልሰት ነው፤ ጥቂት ጦረኞች ብቻ መጡ የሚለውን አስተያየት ይጥለዋል፣ ልንቀበለውም ይገባል። ግን ያው ጥናት በኬንት፣ በዶቨር አጠገብ ባለው የባክላንድ መቃብር፣ በርካታ ትውልድ የዘለቀ የአንድ ቤተሰብ የዘር ሐረግ አውጥቷል፤ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ መጤዎቹ ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተጋብተዋል። ብዙ ሰው መምጣቱና ነባሩ ሰው መትረፉ አይጣሉም። በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ልጆች ከየትኛው ወላጅ የአገሩን ስም እንደሰሙ አጥንት አይነግረንም፤ የሚነግር ሰው በቤቱ እንደነበረ ግን ያሳየናል።

ከዚህ ተነሥቼ ግንኙነቱ ሰላማዊ ነበር አልልም። በ6ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ብሪታንያዊው ጊልዳስ የወገኖቹን መታረድና መሰደድ በመረረ ቃል ይገልጻል። ጥፋቱን የሚያስረዳበት ጽሑፍ ግን ሌላም ነገር ይዟል፤ ከተረፉት አንዳንዶቹ ረኃብ አስገድዷቸው ለጠላት እጃቸውን ሰጡ፣ ባሪያም ሆኑ ይላል። ጠራርጎ ማጥፋት ነበር ለሚሉ ወገኖች ዋና ምስክር የሆነው ሰው ራሱ፣ በመጤዎቹ ግቢ ውስጥ ኬልታዊ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች መኖራቸውን መስክሯል።