ዳርጂሊንግ፦ ባቡር ወደ ጉም የሚወጣባት ከተማ

ሂማልያ ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው በረዶና በገመድ የተንጠላጠለ ተራራ ወጪ ነው። የዛሬዋ እንግዳችን ዳርጂሊንግ ግን ልጅም ሽማግሌም የሚጎበኛት፣ በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል በተራራ ጀርባ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብትልም ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለምትል፣ ከእኛ አገር ለሄደ ሰው ትንፋሽ አታሳጥርም። ብርዷ ግን ሌላ ነው። እኛ በሄድንበት በኅዳር ወር ከመካከላችን ጋቢ የያዙት እናቶች አልተጸጸቱም።

ከሜዳው ወደ ከተማዋ በመኪና መውጣት ይቻላል፤ ጊዜ ላለው ሰው ግን ባቡሩን እንመርጥለታለን። ይህ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1881 ዳርጂሊንግ የደረሰ ሲሆን የሐዲዱ ስፋት 61 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። 88 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ አንድም ዋሻ ሳያቋርጥ ይወጣል። ዳገቱ ሲበረታበት ወደፊት ሄዶ፣ ወደኋላ ተመልሶ፣ እንደገና ወደፊት እየሄደ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል፤ አለዚያም በራሱ ሐዲድ ላይ ተጠምዝዞ ያልፋል። በእንፋሎት ሲጎተት፣ ሐዲዱ በጤዛ ሲያንሸራትት ከፊት የተቀመጡ ሠራተኞች አሸዋ ይበትኑለታል። በሱቆች ደጃፍ በጣም ተጠግቶ ስለሚያልፍ ልጆቻችን እጃቸውን እንዳያወጡ መጠበቅ ነበረብን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሙሉው ጉዞ ቀኑን ስለሚወስድ፣ ከነልጆቹ የሄደ ሰው ከከተማዋ እስከ ጉም ደርሶ የሚመለሰው የሁለት ሰዓት ያህል ጉዞ ይበቃዋል። ጉም በ2,258 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ጣቢያ ነው። ስሙ የእነርሱ ነው፤ ግን እኛ ስንደርስ ጉሙ ጣቢያውን ሸፍኖት ስለነበር ሳቃችንን መቆጣጠር አልቻልንም።

ጎብኚ ሁሉ የሚሽቀዳደምበት ስፍራ ታይገር ሂል የተባለው ኮረብታ ነው። ጸሐይ ስትወጣ በስተ ሰሜን ያለው ካንቼንጁንጋ፣ በ8,586 ሜትር ከዓለም ሦስተኛው ተራራ፣ ከጫፉ ጀምሮ እየቀላ ይወርዳል። መኪኖቹ የሚነሡት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ሱብሒ ሳይገባ ነው። ስለዚህ ውዱእ አድርጎ መነሣት፣ አንድ ጀሪካን ውሃና መስገጃ መያዝ ይበጃል፤ ቂብላው በትክክል ማለት ይቻላል ወደ ምዕራብ ነው። ወደ ሰሜን ለመቆም ለለመድን ለእኛ እንግዳ ነበር፤ ጀርባችንን ለምሥራቅ ሰጥተን ስንሰግድ ተራራው በስተቀኛችን ቀረ። ሰግደን ስንጨርስ ጸሐይ ገና አልወጣችም ነበር። ሱብሐነላህ ከማለት በቀር ያየነውን የምንገልጽበት ቃል የለንም።

ጀብዱ ለሚወዱ ወጣቶች ደግሞ የሂማልያ የተራራ መውጣት ተቋም አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1954፣ ቴንዚንግ ኖርጌይ ከኤድመንድ ሂላሪ ጋር ኤቨረስት ጫፍ በደረሰ በዓመቱ ነው። ቴንዚንግ መጻፍና ማንበብ ሳይማር ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሰው ነበር፤ የተቋሙም የመጀመሪያ የመስክ ሥልጠና ኃላፊ ሆነ። የእኅቱ ልጅ ናዋንግ ጎምቡም እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1965 ኤቨረስትን ሁለት ጊዜ በመውጣት ከሰው ሁሉ ቀዳሚው ነው። ከከተማው አቅራቢያ በቴንዚንግ ስም የተጠራ ቋጥኝ ስላለ፣ ጀማሪ በገመድ መውጣትን እዚያ ይሞክራል። ልበ ሙሉ የሆነ በእግሩ ወደ ሳንዳክፉ፣ 3,636 ሜትር፣ ይዘልቃል፤ ሰማዩ ከጠራ ከዓለም አምስት ከፍተኛ ተራሮች አራቱን ከዚያ ማየት ይቻላል። እዚያ ግን የአዲስ አበባ ሰውም ቢሆን ዝግ ብሎ ቢወጣ ይሻለዋል። ከተቋሙ አጠገብ ያለው የአራዊት ማቆያ የበረዶ ነብርና ቀይ ፓንዳ ስላለው ለልጆች መልካም ነው።

ስለ ምግብ አንድ ነገር እንበል። በየመንገዱ የሚሸጠው ሞሞ፣ በእንፋሎት የበሰለ ሊጥ ውስጥ ሥጋ ያለው፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል፤ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተማዋ ጃሚዕ መስጊድ ስላላት ሐላል ምግብ ቤት ለማግኘት ከጀመዓው የተሻለ መሪ የለም።

ውሃ ግን ብርቅ ነው። የከተማዋ ዋነኛ የውሃ ምንጭ የሆኑት የሴንቻል ሐይቆች እንግሊዞች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሯቸው ሲሆኑ፣ ለዛሬው ሕዝብና ለጎብኚው ብዛት አይበቁም። ዝናብ በሚዘንብበት ተራራ ላይ ሰዎች ከቦቴ መኪና ውሃ ሲገዙ ማየት ያስገርማል። ሆቴል ውስጥ ቧንቧውን ከፍተን የምናፈሰው ውሃ ከጎረቤቱ ባልዲ የመጣ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው ጭንቀት ራሱ ዝናቡ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በሲኪም የበረዶ ሐይቅ ተደርምሶ የቲስታ ወንዝ ትልቅ ግድብ ጠርጎ ወሰደ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። ይህ ወንዝ ወጣቶች በጎማ ጀልባ የሚወርዱበት ነው። በጥቅምት 2025 መጀመሪያ ደግሞ በአንድ ሌሊት ዝናብ መሬት ተንዶ በዳርጂሊንግ አካባቢ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ ሚሪክ የሚወስደው የዱዲያ ድልድይም ፈረሰ። ስለዚህ ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የላይኛውን አገር የዝናብ ወሬ ጠይቁ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ባቡሩም ብዙ ጊዜ በናዳ ይቋረጣልና ጉዞውን ወደ ኅዳር ብታደርጉት ሰማዩ ይጠራላችኋል።