ብሩን ቆጠርሁ፤ እናቴን ግን አልቆጠርሁም



ባለፈው ሰሞን በመሥሪያ ቤታችን የሻይ ሰዓት ላይ አንዲት ባልደረባዬ ከአጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «አንቺ ከቀበሌ ቤት ወጥተሽ ኮንዶሚኒየም የገዛሽ ነሽና እስቲ ምከሪኝ» አለችኝ። እናቷ የሚኖሩበት መንደር ለልማት ሊነሣ ነው። ምትክ የቀበሌ ቤት ይውሰዱ ወይስ ይግዙ? በቤታቸው ውስጥ ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት ሐሳብ ይዘው እንቅልፍ አጥተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከፒያሳና ከካዛንቺስ አካባቢ የተነሡ ብዙ ቤተ ሰቦችም ይህን የመሰለ ጭንቀት አይተዋል። ለባልደረባዬ የሰጠኋት መልስ እናንተንም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ ጻፍሁላችሁ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ልደታ አካባቢ በነበረች የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ለወጣቶቹ አንባብያን ነገሩን ከሥሩ ላስታውስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገቡ። ወላጆቼ ተከራይተው ይኖሩባት የነበረችው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤትም በዚህ አኳኋን የቀበሌ ሆነች። ኪራይዋ በወር 11 ብር ነበር። ግድግዳዋ ቢሰነጠቅም፣ መጸዳጃውን ከስድስት አባወራ ጋር ብንጋራም፣ ሦስት ልጆች አድገንባታል።

አባቴ ሲያርፍ የኪራይ ውሉ ወደ እናቴ ስም ዞረ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን የወረቀትን ጥቅም ከሁላችንም አብልጣ ታውቅ ነበር። ኪራይ የከፈለችበትን ደረሰኝ አንድም ሳታስቀር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታኖራለች። አንድ ጊዜ ፋይላችን ጠፍቶ ተከራይነታችን ባጠራጠረ ጊዜ፣ ቆርቆሮውን በነጠላዋ ሸፍና ሄዳ የብዙ ዓመት ደረሰኝ በጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ጸሐፊው ራሱ ሳቀ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

በ2002 ዓ.ም. ሰፈራችን ሊነሣ መሆኑ ተነገረን። የቀረበልን ምርጫ ሁለት ነበር። አንደኛው በሌላ ሰፈር ምትክ የቀበሌ ቤት መውሰድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንደ ሌላው ተመዝጋቢ ወረፋ ሳይጠብቁ ኮንዶሚኒየም መግዛት ሲሆን፣ ይኸውም የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ አስቀድሞ መክፈልን፣ የቀረውን 80 በመቶ ደግሞ ከባንክ ተበድሮ በየወሩ መክፈልን ይጠይቃል።

ያን ጊዜ ባል አግብቼ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ፣ ከእናቴ ጋር እዚያው ቤት እኖር ነበር። ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እኔና ባለቤቴ ደብተር ዘርግተን ሒሳብ እንይዛለን። የባለ አንድ መኝታው ቤት ዋጋ 78,000 ብር ነበር። 20 በመቶው 15,600 ብር ይሆናል። ከእኔ እቁብ 9,000 ብር፣ ከባለቤቴ ቁጠባ 4,000 ብር አገኘን፤ የጎደለውን 2,600 ብር ታላቅ ወንድሜ ሞላልን። ለባንክ የምንከፍለው በየወሩ ወደ 650 ብር ነበር። ከ11 ብር ወደ 650 ብር! ቢሆንም ቤቱ የራሳችን ይሆናል ብለን ጨከንን።

በደብተራችን ያልነበረው ወጪ ብቅ ያለው ጀሞ የደረሰንን ቤት ቁልፍ ከተረከብን በኋላ ነው። ወለሉ ደረቅ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ቀለም ያልነካው፣ የውስጥ በሮቹም ገና ያልተገጠሙ ነበሩ። ለማስጨረሻ 14,000 ብር ያህል ወጣ። የታክሲው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት መለወጥ፣ ለሕንፃው ጥበቃና ጽዳት የሚዋጣው ሁሉ ተጨመረ። ስለዚህ፣ እኅቶቼ፣ የመግዣውን ብቻ ሳይሆን የመግቢያውንና የመኖሪያውንም አስቡ። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ነግሯችሁ ይሆናል።

እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ከዚህ የከበደ ነው። በዚያ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ እናቴ አልነበረችበትም።

ተከራይዋ እርሷ ስለ ነበረች የግዢው ውል የተፈረመው በእርሷ ስም ነው። በአውራ ጣቷ ስትፈርም ከት ብላ ሳቀች፤ በዕድሜዋ ሙሉ በስሟ የተገዛ ቤት ኖሯት አያውቅም። ከዚያ በፊት የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ምድር ቤት ነው ወይ?» አለችኝ። «ዕጣ ነው፣ እማዬ፤ ማን ያውቃል?» አልኋትና ወደ ሒሳቤ ተመለስሁ። ጉልበቷ እንደሚያማት አውቃለሁ። ሕንፃው አሳንሰር እንደሌለውም አውቃለሁ። ሁለቱን ግን አንድ ላይ አላሰብኋቸውም።

አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ከሰፈራችን የመጡ አንዲት እግራቸውን የሚያማቸው ሴት ግን ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ማመልከቻ አስገብተው ኖሮ ምድር ቤት አገኙ። ይህን የሰማሁት ከገባን በኋላ ነው። ማንም አልከለከለንም፤ እኛ ነን ያልጠየቅነው።

እናቴ ደረጃውን የምትወርደው ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ሆነ። የድሮው እድር አባላት በየአቅጣጫው ተበትነው ስለ ነበር ለቅሶውንም አንዳንዴ የምትሰማው ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ፋሲካ አልረሳውም። ጎረቤቱ ሁሉ በኮሚዩናሉ በግ እየጣለ ሲንጫጫ፣ እርሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ድምፁን ትሰማለች። ምሳ ሳቀርብላት፣ «ቤቱስ ቤት ነው፣ ልጄ። ሰው የማያንኳኳው በር ግን ከዚህ በፊት አላውቅም ነበር» አለችኝ። ወጡ ከአፌ አልወርድ አለኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስሁትን በምን እንደምለቅመው ጠፋኝ።

ሸጠን ምድር ቤት እንግዛ እንዳንል፣ ቤቱ በተገዛ በአምስት ዓመት ውስጥ አይሸጥም። ማከራየት ግን አልተከለከለም። እንዲህ እያልሁ ስብሰለሰል፣ አንድ ቀን በኮሚዩናሉ እንጀራ ስጋግር ከምድር ቤት ከምትኖር ወጣት መምህርት ጋር ተጫወትን። አቧራው፣ ጫጫታው፣ መስኮቷን የሚመታው የልጆች ኳስ አስመርሯታል፤ «ምነው ከላይ በደረሰኝ!» ትላለች። እኔም የእናቴን ነገር ነገርኋት። እርሷ ቤቷን ለእኛ፣ እናቴም ቤቷን ለእርሷ በእኩል ኪራይ አከራዩ። ሁለት የኪራይ ውል በምስክር ፊት ተጻፈ፤ እያንዳንዱ የባንክ ዕዳውን ራሱ ይከፍላል። በአንድ ቅዳሜ ዕቃ አወጣን፤ አወረድን። አንድ ወር ሳይሞላ ከሥራ ስመለስ እናቴ በራፏ ላይ ረከቦቷን ዘርግታ፣ የሕንፃው ሴቶች ከብበዋት አገኘኋት። በሕንፃው እድር ሲቋቋምም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች።

እናቴ በ2011 ዓ.ም. ዐረፈች። ያን ጊዜ ሌላው ያላሰብሁበት ነገር መጣ። ቤቱ በስሟ ነው፤ የከፈልነው ግን እኔና ባለቤቴ ነን። ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ ልጆች የሚወርሱት እኩል ነው። ስንት ወንድምና እኅት በእንዲህ ያለው ነገር ፍርድ ቤት እንደሚመላለስ ታውቃላችሁ። እኛን ያዳነን ያ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። እናቴ የባንኩን ደረሰኝ ሁሉ እንደ ኪራዩ ደረሰኝ በወር በወሩ አስቀምጣዋለች፤ ወንድሜ የሰጠን 2,600 ብርም የተጻፈበት ወረቀት እዚያው ነበር። ሽማግሌዎች ፊት አውጥተን ቆጠርነው። ማን ምን እንዳወጣ ስለ ታየ ሦስታችንም ሳንኳረፍ ተስማማን።

እንግዲህ ለባልደረባዬ ያልኋት ይህን ነው። ግዙ ወይም አትግዙ አላልኋትም። ምትክ የቀበሌ ቤት የወሰዱ የቀድሞ ጎረቤቶቼ አሉ፤ ወርሐዊ ዕዳ ሳይኖርባቸው ልጆቻቸውን አስተምረዋል። እኔም በመግዛቴ አልጸጸትም። የምጸጸተው ሳልጠይቅ በመወሰኔ ነው።

ስለዚህ ደብተር ከመዘርጋታችሁ በፊት በቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ቁጠሩ። ደረጃ የማይወጣ ማን ነው? ትምህርት ቤቱ የሚርቅበት ማን ነው? ያለ ጎረቤት የማይኖር ማን ነው? በጤና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ምድር ቤት የሚያስፈልገው ካለ፣ ከዕጣው በኋላ ሳይሆን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ውሉ በማን ስም እንደሚሆን፣ ገንዘቡ ከማን እንደ ወጣ በግልጽ አጽፉ።

ባለትዳሮችም ሕጉን እወቁ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ጊዜ የተገዛ ቤት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የጋራ ነው ይላል፤ የጋራ የሆነውን ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት መሸጥም ሆነ ማስያዝ አይቻልም። ቢሆንም፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ ሕግ የሚያግዘው ወረቀቱን የያዘ ሰው ነውና ደረሰኛችሁን አትጣሉ።

ባልደረባዬ ሰኞ ዕለት ተመልሳ መጣች። ቅዳሜ ማታ ሒሳቡን ትታ እናቷን አስቀድማ ጠየቀች። እናቷም፣ «መግዛቱን እፈልጋለሁ፤ ምድር ቤት ካልሆነ ግን ይቅርብኝ» አሉ። ቀጥለውም ከትራሳቸው ሥር፣ ልጆቻቸው ሁሉ የማያውቁትን የእቁብ ገንዘብ አወጡ። «እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽን?» ቢሏቸው፣ «ማን ጠየቀኝ?» ብለው መለሱ።