ግመል ያልነበራቸው ቅድመ አያቴ

አዲስ አበባ ውስጥ «የጅጅጋ ልጅ ነኝ» ያለ ሰው ከሦስት ጥያቄዎች አያመልጥም። አንደኛ፣ «ጅጅጋ ዕቃ ርካሽ ነው አሉ?» ሁለተኛ፣ «ሙቀቱን እንዴት ትችሉታላችሁ?» ሦስተኛ፣ «ቤተሰቦችህ ስንት ግመል አላቸው?» ለመጀመሪያው የጠያቂውን ፊት አይቼ እመልሳለሁ። ለሁለተኛው ጅጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ማታ ማታ ጋቢ የምታስፈልግ ከተማ መሆኗን አስረዳለሁ። ለሦስተኛው ግን መልሴ አንድ ቃል ነው፦ ዜሮ። እኛ ቤት ገበሬ እንጂ ግመለኛ የለም። ያኔ አራተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ «እንዴ! ሶማሌም ያርሳል እንዴ?»

ያርሳል እንጂ ጎበዝ! ከሐረር ተነስታችሁ ባቢሌን አልፋችሁ፣ የዳካታን ድንጋዮች በመስኮት እያያችሁ ካራማራን ስትሻገሩ፣ ተራራው ድንገት ያልቅና ሜዳ ይዘረጋላችኋል። የጅጅጋ ሜዳ ይሄ ነው። በበልግ አንዴ ይዘንብለታል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ እኛ «ከረን» የምንለው ዝናብ ይመጣለታል። በጅጅጋ ዙሪያ፣ በአውበሬ፣ በጉርሱም፣ በቱሊ ጉሌድ በኩል ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ገብስ ይበቅላል። በመስከረም ብትመጡ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነስቶ ሐረር እስኪገባ ድረስ ያየውን ሁሉ ጽፏል። ሐረር ከመድረሱ በፊት ካረፈባቸው ሰዎች ውስጥ ማሽላ የሚያመርቱት የገሪ ሶማሌዎች ይገኙበታል። ታዲያ እኛ ገበሬዎቹ የት ጠፋን? በከፊል ጥፋቱ የዝናችን ነው። ስለ ሶማሌ ከተጻፉት ሁሉ የታወቀው የአይ. ኤም. ሉዊስ መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 1961) ርዕሱ ራሱ «ኤ ፓስቶራል ዴሞክራሲ» ነው፤ የአርብቶ አደሮች ዴሞክራሲ እንደማለት። ሉዊስ በምዕራቡ በኩል በበሬ የሚያርሱ እንዳሉም ጽፏል። ግን ርዕስ ላይ የወጣው ግመለኛው ነው፤ ርዕስ ደግሞ የማይረሳ ነገር ነው።

የቀረውን ጥፋት ግን ለራሳችን እንውሰድ። የሶማሌ ልጅ አፉን ሲፈታ «አብቲርሲ» ይማራል። የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም እየተቆጠረ እስከ ጎሳው አባት ይዘለቃል። እኔም ልጅ ሆኜ ሳላርፍ እቆጥረው ነበር። (የማን ጎሳ እንደሆንኩ አልነግራችሁም፤ ጅጅጋ ውስጥ ይሄ ጥያቄ ሻዩን ያስረዝመዋል።) አብቲርሲ ግን ስም እንጂ ሥራ አይናገርም። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ። ማን አረሰ፣ ማን ተራበ፣ ማን ጎረቤቱን አበላ የሚል ነገር የለውም። ቅድመ አያቴ እዚያ ሰንሰለት ውስጥ አንድ ስም ናቸው፤ ተጠርቶ ይታለፋል። ስለ እርሳቸው የማውቀው ሁሉ ከአብቲርሲው ሳይሆን ከአያዮ፣ ማለትም ከአባቴ እናት፣ የተገኘ ነው። አያዮ ለእርሳቸው ምራት ነበረች። ምራት ደግሞ ልጅ የማያየውን ታያለች።

እንግዲህ ታሪኩ ከበሽታ ይጀምራል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ የከብት ደስታ የሚባለው ወረርሽኝ የአገሩን ከብት ፈጀው። መሀል አገር «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚነገርለት ዘመን ነው። ምሥራቁንም አልማረም። በሽታው ከብት ላይ እንጂ ግመል ላይ ያን ያህል አልበረታም። ስለዚህ ግመል የነበረው ቆመ፤ እንደኛ ቤተሰብ ላምና በሬ የነበረው ወደቀ። ቅድመ አያቴ የተወለዱት ከዚያ በኋላ፣ በረቱ ባዶ በሆነ ቤት ነው።

ሲያድጉ ምርጫቸው ሁለት ነበር። የዘመድ ግመል እየጠበቁ መኖር፣ ወይም ሌላ ነገር መሞከር። እርሳቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኮረብታው ጥግ፣ ኦሮሞና ሶማሌ ተቀላቅለው ወደሚኖሩበት ሄዱ። ከጃርሶ ጎረቤቶቻቸው ሞፈርና ቀንበር መያዝን ተማሩ። መጀመሪያ በውሰት በሬ አረሱ፤ ቀጥለው አንድ በሬ ገዝተው ከጎረቤት ጋር አቀናጁ። በኋላ ወደ ሜዳው ተመልሰው የራሳቸውን መሬት አቀኑ።

ይሄ ዛሬ ሲወራ የስኬት ታሪክ ይመስላል። ያኔ ግን ውርደት ነበር። ግመለኛው ዘመዳቸው መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰላምታው ላይ ትንሽ ፈገግታ ይጨምርበት ነበር አሉ። ሚስት ሲጠይቁ የልጅቷ ወገኖች «አፈር ለሚጭር ሰው ልጅ አንሰጥም» ብለው አንድ ዓመት ሙሉ አመላለሷቸው። የሰጧቸውም ግመለኞቹ ድርቅ መትቷቸው ማሽላ ፍለጋ በመጡበት ዓመት ነው። አያዮ ይሄን ስታወራ ሳቋን መቆጣጠር አትችልም ነበር። «ጥሎሹ በግመል ሳይሆን በማሽላ ተከፈለ» ትል ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በበልግ ዝናብ ታርሶ ይዘራል፤ ከረን ሳይመጣ ከቀረ ግን ያ ሁሉ ልፋት ገለባ ይሆናል። ፍሬው ሲይዝ ደግሞ ግሪሳ ወፍ ይመጣል። ግሪሳ እንደ ደመና የሚወርድ ወፍ ነው፤ ጠዋት ያያችሁትን ማሳ ማታ ባዶ አገዳ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ልጆች ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው ከንጋት እስከ ምሽት ሲጮኹ የሚውሉት። አባቴም እዚያ ማማ ላይ አድጓል። የድምፁ ጎርናና መሆን ከዚያ የመጣ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይምላል፤ እኔ ሲጋራው ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፦ ወደ ጉድጓዱ።

የሜዳው ገበሬ እህሉን ጎተራ ላይ አይሰቅልም፤ መሬት ውስጥ ይቀብራል። «ባካር» እንለዋለን። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ እንስራ መሬት ውስጥ የተቀበረ አድርጋችሁ አስቡት። ከተቆፈረ በኋላ ውስጡ እሳት ይነድበታል፤ ግድግዳው እንዲደርቅና እንዲጠነክር ነው። ከዚያ ገለባ ይነጠፍና በደንብ የደረቀ ማሽላ ይገባል። አፉ በእንጨትና በገለባ ይደፈንና አፈር ይለበሳል። አየር ስለሌለው ነቀዝ አይኖርበትም። ጠርዝ ጠርዙ ይሻግትና ለከብት ይሰጣል፤ መሀሉ ግን ለዓመታት ይቆያል። ሲከፈት ጥንቃቄ ይፈልጋል። የታመቀው መጥፎ አየር ወጥቶ እስኪያልቅ ሰው አይገባም፤ ቸኩለው ገብተው የቀሩ አሉ። ጉድጓዱን ማጠንና መድፈን የሴቶቹ ሥራ ነበር። የትኛው የት እንዳለ በልቧ የያዘችው ደግሞ የቅድመ አያቴ ሚስት ነበረች።

ለምን መቅበር? ከላይ የሚያልፈው ብዙ ነዋ! ዘላን ከብቱን ነድቶ ድንበር ይሻገራል። ገበሬን ግን ድንበሩ ራሱ መጥቶ ይሻገረዋል። ቅድመ አያቴ ከማሳቸው ሳይነቃነቁ መንግሥት ተቀያይሮባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1936 ጣሊያን ጅጅጋን ያዘ። በ1941 እንግሊዝ ጣሊያንን አስወጥቶ በወታደራዊ አስተዳደር ተቀመጠ። በ1948 ደግሞ ከተማዋ ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰች። ሁሉም ቤቱን ይፈትሽ ነበር፤ የሁሉም ፈረስና በቅሎ ይበላ ነበር። ወታደር ድንኳኑን የሚተክለው ለጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ነው፤ ለጥ ያለው ቦታ ደግሞ ከጉድጓዶቹ በላይ ነበር። አያዮ እንደምትለው አንዱ ጦር እህሉ ላይ ተኝቶ ሦስት ሌሊት ሲራብ አድሮ ሄደ።

በመስከረም 1970 ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች። የካቲት 26 ቀን 1970 በካራማራው ድል ተመለሰች። በዚያ መሀል ሜዳው ላይ የነበረ ሰው የደረሰበትን እንኳን እኔ፣ ያየውም አይተርከውም። ቤተሰባችን ተበተነ፤ ቅድመ አያቴ ያኔ በሕይወት አልነበሩም። አያዮ ልጆቿን ይዛ ስትመለስ ቤቱ ተቃጥሎ፣ በሬዎቹ ጠፍተው ነበር። ከግራር ዛፍ እስከ ድንጋዩ ድረስ በእርምጃ ቆጥራ ቆፈረች። ከሁለቱ ጉድጓዶች አንዱ ውኃ ገብቶት በስብሷል። ሁለተኛው ደህና ነበር። የአባቴ ወንድሞችና እህቶች ያንን ክረምት ያለፉት በዚያ ማሽላ ነው። እኔም ይሄን የምጽፈው በተዘዋዋሪ በዚያ ማሽላ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ጦር መጥቷል፤ ደላላ የሚባል። ዋና ከተማነቱ ከጎዴ ወደ ጅጅጋ ከዞረ ወዲህ ከተማዋ መብላት ጀመረች። በ1999 ቆጠራ 125,876 ሕዝብ ነበራት፤ ዛሬ የሚያያት ሰው ያንን ቁጥር አያምንም። የምትበላው ደግሞ ያንኑ ጥቁር አፈር ነው። «መሬት አይሸጥም አይለወጥም» ይላል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40። ደላሎቹ ግን አንቀጽ 40 ላይ ሳይደርሱ አልቀሩም፤ ዘልለውት ይመስለኛል። የቅድመ አያቴ ማሳ ዳር ድረስ ብሎኬት ተከምሯል። በዚህ ጉዳይ ቤተሰቡ ሊሰበሰብ ነው።

ታላቁ አዴር፣ የአባቴ ወንድም፣ «ከተማው መምጣቱ አይቀርም፤ ሳይወሰድብን እንጠቀምበት» ይላሉ። ቀልድ አይደለም፤ የታመመ ልጅ አለባቸው። ደግሞም በ2012 የበረሃ አንበጣ ሲወርድ ማሳው ላይ ቆመው ቆርቆሮ ሲደበድቡ የዋሉት እርሳቸው ናቸው። እኔ ቪዲዮውን በስልኬ አይቼ «አላህ ይርዳችሁ» ብዬ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ «ቅርሳችን! ታሪካችን!» እያልኩ በእርሳቸው ላይ የመጮህ አፍ የለኝም።

ግን ሒሳብ እችላለሁ። ወራሽ ነኝ የሚለው ከሠላሳ ሰው በላይ ነው። ገንዘቡ ለሠላሳ ሲካፈል ባጃጅ እንኳን አይገዛም። ማሳው ሳይካፈል ግን እያረሱ ያሉትን ሁለቱን የአጎቴን ልጆች ከነቤተሰቦቻቸው ያኖራል፤ ደህና ዓመት ሲሆን ለሁላችንም ማሽላ ይልካል። በዚያ ላይ የጅጅጋን ምሳ ተመልከቱ፦ ሩዝና ፓስታ ነው። አብዛኛው በበርበራ ወደብ ገብቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚመጣ። ዶላሩ ሲጨምር ምሳው ይጨምራል፤ መንገዱ ሲዘጋ ምሳው ይዘጋል። ስንዴና ማሽላ የሚያበቅል ሜዳ ላይ ቤት ሠርተን፣ እዚያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን መርከብ እንጠብቃለን። ቅድመ አያቴ ይሄን ቢሰሙ የትኛው ነው ውርደት ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

ስብሰባው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ተጠርቻለሁ፤ እሄዳለሁ። የምለው አጭር ነው። ለታመመው ልጅ ሁላችንም፣ ደመወዝተኛው በተለይ፣ እናዋጣ። ማሳው ላይ ደግሞ ድምፅ የሚኖረው በአብቲርሲ ቀድሞ የተቆጠረው ሳይሆን የሚያርሰው ይሁን። ሁለቱ የአጎቴ ልጆች «በቃን» ካሉ እኔም አብሬ በቃኝ እላለሁ። «እናርሳለን» ካሉ ግን አዲስ አበባ የተቀመጥነው እጃችንን እንሰብስብ።

እስከዚያው እናንተም ቤት ያለውን ሽማግሌና አሮጊት ጠይቁ። ስማቸውን አይደለም፤ ስሙን ታውቁታላችሁ። ምን ሠርተው እንደበሉ፣ የት እንደቀበሩት ጠይቁ። ቸር እንሰንብት።