የምሳ ሰዓት ሯጭ

የሌሊት ተረኛ የነበረው ሐኪም ነጭ ካፖርቱን አውልቆ ከሆስፒታሉ በር ብቅ ሲል፣ ከተማው ገና ወደ ሥራው ማምራቱ ነው። ሐኪሙ ግን ወደ መኝታው አይገሰግስም። በቦርሳው ውስጥ የዋና ልብስ አለ፤ ሰውነቱ እንቅልፍ ሲለምነው እርሱ ወደ መዋኛው ይሄዳል። ማታም የበሽተኞቹን መዝገብ ጽፎ ሲጨርስ ብስክሌቱ ይጠብቀዋል፤ በዕረፍት ቀኑ ደግሞ ረጅም ሩጫ አለበት።

ይህን ሁሉ የሚደክመው ትራያትሎን ለሚባለው ውድድር ነው። ትራያትሎን ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን በመካከሉ ዕረፍት ሳይሰጥ አያይዞ የሚያስኬድ ሲሆን፣ በ1993 ዓ.ም. መባቻ (እ.ኤ.አ. 2000) በሲድኒ ወደ ኦሊምፒክ ሲገባ ርቀቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር። ከዚህ እጅግ የከበደው ግን በሃዋይ ደሴቶች፣ በኦዋሁ፣ የካቲት 11 ቀን 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1978) የተጀመረው ነው፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ይዋኛል፣ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይጋለባል፣ በመጨረሻም ሙሉ ማራቶን ይሮጣል። አሳቡን ያመነጩት ጆን ኮሊንስ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንንና ባለቤቱ ጁዲ ሲሆኑ፣ መነሻውም ከዋናተኛ፣ ከብስክሌተኛና ከሯጭ ብርቱው ማን ነው የሚል የወዳጆች ክርክር ነበር። በዚያ ቀን 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ጨረሱ። አንደኛ የወጣው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ፈጅቶበታል። ለሦስተኛው ክፍል ርቀቱን ያዋሰው የሆኖሉሉ ማራቶን እንደ ነበረና ከዚያ ማራቶን መሥራቾች አንዱ ጃክ ስካፍ የተባለ የልብ ሐኪም መሆኑን ላስታወሰ፣ ሕክምናና ይህ ውድድር ከጅምሩ ባዕዳን አልነበሩም።

ነገር ግን ባዕድ አለመሆን አንድ ነገር ነው፤ ጊዜ ማግኘት ሌላ ነገር። በሽተኛ የሚጠብቀው ሰው ለገዛ አካሉ የሚሰጠውን ሰዓት ከየት ያመጣዋል? ከእንቅልፉ ይቆርሳልን? ከቤተሰቡ? ወይስ፣ ማንም ደፍሮ ባይናገረውም፣ ከበሽተኛው? ይህ ጥያቄ ትራያትሎን ከመፈጠሩ በፊትም የነበረ ነው። ጥርት ብሎ የታየውም በአንድ እንግሊዛዊ የሕክምና ተማሪ ሕይወት ላይ ነው፤ ሮጀር ባኒስተር።

ባኒስተር መጋቢት 14 ቀን 1921 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1929) ተወለደ። በኦክስፎርድ ተምሮ በ1944 ዓ.ም. መጀመሪያ በለንደን ፓዲንግተን ሰፈር ወደሚገኘው የሴንት ሜሪ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ አትሌት ገንዘብ አይከፈለውም፤ ሩጫ ከትምህርትና ከሥራ ትርፍ የሆነ የጨዋ ሰው መዝናኛ ተደርጎ ይታይ ነበር። ባኒስተርም በዚሁ እምነት ያደገ ስለ ነበር፣ ለሩጫ የሚሰጠው ጊዜ የምሳ ሰዓቱን ነበር። ከሆስፒታሉ ወጥቶ በአቅራቢያው ወዳለው የፓዲንግተን መጫወቻ ሜዳ ይሄዳል፤ በበሩ ላይ ሦስት ፔኒ ይከፍላል፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሮጣል፤ ከዚያም ወደ ትምህርቱ ይመለሳል።

ይህ ዘዴ መጀመሪያ ያተረፈለት ውርደት ነበር። በሐምሌ 1944 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1952) በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በ1500 ሜትር ሲሰለፍ የአገሩ ሕዝብ ወርቅ ይጠብቅ ነበር። ባኒስተር ልምምዱን ያሰናዳው ለማጣሪያና ለፍጻሜ፣ ማለትም ለሁለት ሩጫ ነው። ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ግን በመካከሉ አንድ ተጨማሪ ማጣሪያ ገባ፤ ሦስት ቀን በተከታታይ መሮጥ ግድ ሆነ። በሦስተኛው ቀን እግሩ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም። የሉክሰምበርጉ ጆሲ ባርቴል አሸነፈ፤ ባኒስተር አራተኛ ወጣ። ጋዜጦች በብዙ ከሚለማመዱት ከሌሎቹ ጋር እያስተያዩ ወቀሱት። እውነቱን ለመናገር፣ ወቀሳው ሙሉ በሙሉ መሠረት የለሽ አልነበረም። በግማሽ ሰዓት የሚዘጋጅ ሰው ሁሉ ነገር እንዳሰበው ከሄደለት ብቻ ያሸንፋል፤ አንድ ቀን ሲጨመርበት ከጎተራው የሚያወጣው እህል የለውም።

ከሄልሲንኪ በኋላ ሩጫን ትቶ ወደ ሕክምናው ጠቅልሎ ለመግባት ሁለት ወር ያህል አመነታ። ቢተወው ኖሮ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እርሱ ግን ሽንፈቱን ይዞ ለመሄድ አልወደደም፤ አንድ ማይል፣ ማለትም 1609 ሜትር፣ ከአራት ደቂቃ በታች ለመሮጥ ቆረጠ። በዚያ ጊዜ ክብረ ወሰኑ ስዊድናዊው ጉንደር ሄግ በ1937 ዓ.ም. ያስመዘገበው 4 ደቂቃ ከ1.4 ሰከንድ ነበር። ሰከንድ ተኩል እንኳ የማይሞላው ይህ ርቀት ለዓመታት ሳይደፈር ቆይቷል።

ስለዚህ ክብረ ወሰን ሲወራ፣ ሐኪሞች ሰው በአራት ደቂቃ ማይል ቢሮጥ ልቡ ይፈነዳል ይሉ ነበር እየተባለ ይነገራል። ወሬው ይጥማል፤ ነገር ግን በግንባር የሚፈርስበት ምክንያት አለ፤ ባኒስተር ራሱ የአካል ሥራ ተመራማሪ ነበር። በኦክስፎርድ ቤተ ሙከራ ከዳንኤል ከኒንግሃም ጋር ሆኖ በሚሽከረከር መሮጫ ላይ ሰዎች እየሮጡ ኦክሲጅን የተጨመረበት አየር ሲተነፍሱ ምን እንደሚሆኑ አጥንቷል፤ ጥናታቸውም በ1946 ዓ.ም. በአካል ሥራ ሳይንስ መጽሔት ታትሟል። የሙከራው ተገዥዎች እርሱና ጓደኞቹ ነበሩ። እስኪወድቅ ድረስ በመሮጫው ላይ የሮጠ ሰው፣ የትንፋሽን ወሰን ከወሬ አይማርም። የገዛ ድካሙን ሲመዘግብ ሐኪምም በሽተኛም ነበር።

በ1946 ዓ.ም. ታኅሣሥ የጀመረው ልምምድ ሲታይ ምስጢሩ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው መፈጸሙ ነው። አንድ ዙር፣ ማለትም 440 ያርድ፣ አሥር ጊዜ ይሮጣል፤ በየመካከሉ የሚያርፈው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ዙር በአማካይ 66 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በጥርና በየካቲት እያደር ፈጠነ፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ 61 ሰከንድ ደረሰ። የሚፈለገው 60 ነበር። ከዚያ ላይ ግን ቆመ። ያ አንድ ሰከንድ በምንም ድካም አልወርድ አለ፤ በለፋ ቁጥር ድካሙ ብቻ ጨመረ።

በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር አሠልጣኝ ቢሰማው የሚያስቆጣ ነው። ከሩጫ ጓደኛው ከክሪስ ብራሸር ጋር መኪና አስነሥተው ወደ ስኮትላንድ ተራሮች ሄዱ። ጥቂት ቀናት ቋጥኝ ሲወጡና ሲወርዱ ሰነበቱ፤ ሩጫ የሚባል አልነካቸውም። ቋጥኝ መውጣት ደግሞ ቁርጭምጭሚት ሊሰብር የሚችል፣ ለሯጭ ፈጽሞ የማይመከር ነገር ነው። ተመልሰው መሙ ላይ ሲቆሙ አሥሩን ዙር በ59 ሰከንድ ሮጡት። ከሥራውም ከሩጫውም በአንድነት መራቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ በሁለቱ መካከል የተጠመደ ሰው ከሁሉ በፊት ይረሳዋል፤ ትርፍ ሰዓት ባገኘ ቁጥር ልምምድ ይጨምርበታልና።

ሚያዝያ 28 ቀን 1946 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1954) ጧት ባኒስተር እንደ ወትሮው ሆስፒታሉ ገባ። በቤተ ሙከራው ባለው መሳያ ድንጋይ ላይ የሩጫ ጫማውን ሹል ችንካሮች ሳለ፤ በከሰል ፍርፋሪ የተሠራው መም እንዳይጣበቅባቸውም ግራፋይት ቀባቸው። ከዚያ ከፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር ወደ ኦክስፎርድ ተጓዘ። በባቡሩ ውስጥ የተገናኘው ኦስትሪያዊ አሠልጣኝ ፍራንዝ ስታምፍል ነፋሱን ፈርቶ ሲያመነታ አይቶ፣ ዛሬ ካልሞከርከው ሌላ ቀን ላታገኘው ትችላለህ፣ በኋላም ለራስህ ይቅርታ አታደርግም በሚል መንፈስ መከረው። ነፋሱ እስከ ማታ አልቆመም ነበር። ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው በአጠገቡ ባለው ቤተ ክርስቲያን ሰንደቅ ላይ የተሰቀለው ባንዲራ ላላ አለ፤ ባኒስተርም እሮጣለሁ አለ።

ብራሸር መራ፤ የመጀመሪያው ዙር 57.5 ሰከንድ፣ የማይሉ እኩሌታ 1 ደቂቃ ከ58.2 ሰከንድ ሆነ። ቀጥሎ ክሪስ ቻታዌይ ተቀበለ። በመጨረሻው ዙር ባኒስተር ቻታዌይን አልፎ ብቻውን ቀረ፤ ክሩን በጥሶም በሰዎች እጅ ላይ ወደቀ። ኖሪስ ማክዋይርተር ውጤቱን በድምፅ ማጉያ ሲያሰማ “ሦስት...” ከማለቱ ቀሪው በጩኸት ተዋጠ። 3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ነበር። ሁለቱ ጓደኞች ባይኖሩ ይህ ሰዓት እንደማይገኝ ልብ ይሏል። ጊዜ ያጠረው ሰው ብቻውን አይሠራም፤ አንዱ የሌላውን ነፋስ ይከልላል።

ክብረ ወሰኑ የቆየው 46 ቀን ብቻ ነው። አውስትራሊያዊው ጆን ላንዲ ሰኔ 14 ቀን በፊንላንድ ቱርኩ ከተማ በ3 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ሰበረው። ነሐሴ 1 ቀን በካናዳ ቫንኩቨር ሁለቱ ተገናኙ። ላንዲ መርቶ ሲመጣ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ በግራ ትከሻው ወደ ኋላ ተመለከተ፤ ባኒስተር በዚያው ቅጽበት በቀኝ በኩል አለፈው። 3 ደቂቃ ከ58.8 ሰከንድ ለባኒስተር፣ 3 ደቂቃ ከ59.6 ሰከንድ ለላንዲ። በወሩ መጨረሻ በበርን የአውሮፓ ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ወርቁን ወሰደ። በዚያው ዓመት ሐኪምነቱ ተረጋገጠ፤ በዚያው ዓመትም ሩጫውን ተወ። ዕድሜው 25 ነበር።

የምሳ ሰዓቱ ታሪክ ሲተረክ ይህ የመጨረሻው ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ባኒስተር ሁለቱን ሥራ አስማምቶ የኖረ ሰው ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ይሁን እንጂ በሮጠባቸው ዓመታት ተማሪ ነበር። መምህር ጠብቆት ይሆናል እንጂ ሕይወቱን ለእርሱ ብቻ አደራ የሰጠ በሽተኛ አልጋ ላይ ሆኖ አልጠበቀውም። ያ አደራ ሲመጣ ሚዛኑን እንደገና አልለካም፤ አንዱን ጎን አነሣ። የትራያትሎኑ ሐኪም የሚገኘው ከዚህ ወዲያ ነው። እርሱ የሚሠለጥነው ተረኛነት ከጀመረ በኋላ፣ ለሦስት ስፖርት፣ ግማሽ ሰዓት ፈጽሞ በማይበቃበት ውድድር ነው። በሥራ መካከል የጎደለ ልምምድ ተመልሶ ይሞላ ይሆናል፤ በእንቅልፍ እጦት የተሳሳተ መድኃኒት ትእዛዝ ግን በሌላ ቀን አይታረምም። ስለዚህ ባኒስተርን እያነሣ ራሱን የሚያጽናና ሐኪም ቢኖር፣ ስኮትላንድንና በርንንም አብሮ ማንሣት ይኖርበታል።

የተረፈው ዕድሜው የነርቭ ሐኪም ዕድሜ ነው። በውትድርና አገልግሎቱ ዘመን በሙቀት የሚታመሙ ወታደሮችን ጉዳይ መረመረ። በለንደን ሆስፒታሎች ሠራ፤ የብሬይንን የነርቭ ሕክምና መማሪያ መጽሐፍ አድሶ በተከታታይ አሳተመ። ዋነኛ ጥናቱ ሰው ሳያዝዘው የሚሠራው የነርቭ ክፍል ነበር፤ የደም ግፊትን፣ የላብንና የልብ ምትን የሚያዝዘው ክፍል። በመሮጫው ላይ እስኪወድቅ ሲሮጥ ያሳሰበው ነገር በበሽተኞች አልጋ አጠገብም ተከትሎት ሄደ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በደረሰበት የመኪና አደጋ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ከዚያ ወዲያ መሮጥ አልቻለም። ከሩጫውና ከሕክምናው የትኛው እንደሚያኮራው ሲጠየቅ ሕክምናውን ያስቀድም ነበር፤ ጠያቂዎቹ ግን ዘወትር ስለ አራቱ ደቂቃ ነበር የሚጠይቁት።

እ.ኤ.አ. በ2011 ፓርኪንሰን የተባለው የነርቭ በሽታ እንዳለበት ታወቀ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያክም በኖረበት መስክ ያለ በሽታ ነው። የካቲት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. በኦክስፎርድ በ88 ዓመቱ ዐረፈ። ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ፣ በቤተ ሙከራ ድንጋይ ላይ የተሳሉት እነዚያ ቀላል ጥቁር ጫማዎች በለንደን ለጨረታ ቀርበው በ266,500 ፓውንድ ተሸጡ። ከገንዘቡም ከፊሉ የዋለው ሰው ሳያዝዘው የሚሠራውን ያን የነርቭ ክፍል ለሚያጠናው ምርምር ነው።