የጋፋት ድንጋይ

በሀገራችን የመንግሥት ሠራተኛ አገሩን የሚያየው በስብሰባ ነው። ሐዋሳን ያየሁት በስብሰባ ነው፤ አዳማንም፣ ድሬዳዋንም፣ ጅማንም እንዲሁ። ከአልጋ እስከ አዳራሽ ባለው መንገድ ላይ ብቻ የታየን አገር «አየሁት» ማለት ድፍረት ቢሆንም፣ ደመወዛችን ግን ከዚያ አልፎ አያስኬድም። ስለዚህ አንዳንዶቻችን ዘዴ ፈጥረናል። ስብሰባው ዐርብ የሚያበቃ ከሆነ ቅዳሜን እንቀጥልበታለን፤ ልጆቻችንን እናስከትላለን፤ ከአበሉ ቆጥበን ሐይቅ ዳር እናዝናናቸዋለን።

ልጄ ናሆም በዚህ ዓይነት ሁለት ጊዜ ቢሾፍቱን፣ አንድ ጊዜ ሐዋሳን አይቷል። ከዚህም የተነሣ «ስብሰባ» የሚለው ቃል ለእርሱ ጀልባና ዋና ማለት ነበር። በጥር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ለሦስት ቀን ዐውደ ጥናት ወደ ደብረ ታቦር እንደምሄድ ስነግረው፣ ትምህርት ቤቱ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ነበርና ልብሱን ወዲያው መሰብሰብ ጀመረ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የጠየቀኝም አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እዚያ ቦራ አለ?»

ቦራ የአዲስ አበባ ልጆች የሚያውቁት መጫወቻ ነው፤ እየተሽከረከረ ወደ ሰማይ የሚያወጣው ወንበር፣ እርስ በርስ የሚጋጩት ትንንሽ መኪኖች ያሉበት።

«ከቦራ የሚበልጥ አለ» አልሁት። በልቤ ጋፋትን አስቤ ነበር።

ባሕር ዳር ድረስ በአውሮፕላን ሄደን፣ ከዚያ በመኪና በሐሙሲት በኩል ወረታ ደረስን። ወረታ ላይ የጎንደሩን መንገድ በግራ ትቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሰው የፎገራን ሜዳ ተሰናብቶ ወደ ደጋ ይወጣል። ዓለም በርን ካለፍን በኋላ ብርዱ በመስኮት ገባ። ናሆም በመንገዱ ሁሉ ጀልባ የሚያስኬድ ውሃ ይፈልግ ነበር።

ስለ ስብሰባው ብዙ የምለው የለኝም። ርእሱ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነበር። አንድ አቅራቢ ኅብረተሰቡ ለእጅ ሙያ ያለው አመለካከት «የተዛባ» መሆኑን በሥዕልና በሠንጠረዥ አሳየን። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያ እንዳይሰደብ ዐዋጅ ማስነገራቸውንም ጠቀሰ። ሁላችንም ማስታወሻ ያዝን። የቡድን ውይይት አደረግን፤ አመለካከቱ ሊለወጥ እንደሚገባው በአንድ ድምፅ ተስማማን።

ዐርብ ለምሳ ተቀመጥን። ልጄን አልጋ ቤት ብቻውን ልተወው ስለማልችል አጠገቤ ሽሮውን ይበላል። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ሌሊቱን ሆዱን ሲቆርጠው ማደሩን ቢናገር፣ ፊት ለፊቱ የነበረው ሰው፣ ጧት ስለ አመለካከት ለውጥ ረጅም ንግግር ያደረገው ራሱ፣ «ትናንት ስትጎርስ ማን አየህ? አጠገብህ ቀጥቃጭ ተቀምጦ እንዳይሆን!» አለው። ገበታው በሳቅ ተናጋ።

እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም የእኔ ሳቅ ከሌሎቹ ረዘም ያለ መሰለኝ። ልጄ ምኑም ባይገባው እኔን አይቶ ሳቀ።

ማታ በአልጋው ላይ ሆኖ «አባዬ፣ ቀጥቃጭ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ተኛ» አልሁት።

በማግስቱ ጧት ባጃጅ ተኮናትረን ወደ ጋፋት ወጣን። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ናሆም መዋኛ ልብሱን በቦርሳው ይዟል፤ እንዲተወው ለመንገር ድፍረት አጣሁ። ባጃጁ ቆመ። ባሕር ዛፍ፣ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ኮረብታ፣ ጥቂት በጎች፤ ከሩቅ ጉና ሰማዩን ተደግፎ ይታያል። ልጄ ዙሪያውን አየ። እኔን አየ። እንደገና ዙሪያውን አየ።

«የት አለ?»

«ይኸው ነው።»

ዐይኑ እንባ አቀረረ። ብዙ ቃል ኪዳን አፍርሼበት አላውቅም ነበርና ያን ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ድንጋይ ላይ አስቀምጬው ተረት እንደሚያወራ ሰው ጀመርሁ።

አንድ ንጉሥ ነበር፤ ቴዎድሮስ የሚባል። መድፍ ፈለገ። ከአውሮፓ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፤ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የወንጌል ማኅበር የተላኩ። ይዘው የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ንጉሡ ግን እዚሁ ጋፋት አስፍሮ «መድፍ ሥሩልኝ» አላቸው። እነርሱም «አናውቅም» አሉ። ሥሩ ተባሉ። ምድጃው እየቀለጠ፣ ሙከራው እየከሸፈ፣ ከብዙ ድካም በኋላ ተሳካ። ሞሪትስ ሆል የሚባለው የፖላንድ ሰው በማቅለጡ ሥራ ስሙ የገነነ ነው። ከመድፎቹ ሁሉ ትልቁ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ።

«ሴባስቶፖል የት አለ?» እንባው ቆሟል።

«መቅደላ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን በእሳት አጋይቶ ሲወጣ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት፣ መንገድ የሌለበት ገደል መንገድ እየተጠረገለት፣ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ ንጉሡ ሞተ። መድፉ ዛሬም እዚያው ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታየው አምሳያው ነው።»

የሆልን ነገር ሳወራ ሌላም ትዝ አለኝ። ሆል ኢትዮጵያዊት እናት ያላትን ሴት አግብቶ ነበር። ንጉሡ በሞተበት ዓመት መቅደላ ላይ የተወለደችለት ልጁ ማግዳሌና ኋላ የእውቁ ተዋናይ የፒተር ዩስቲኖቭ አያት ሆናለች። ዩስቲኖቭ ይህን የዘር ሐረጉን አልደበቀም፤ በየአደባባዩ ይናገረው ነበር። ብረትና ነሐስ ያቀለጠ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ መሆን ለንደን ላይ የሚያኮራ ወግ ነው። ጋፋት ላይ ከሰሉን ያከሰሉት፣ ጭቃውን ያቦኩት፣ ወናፉን የነፉት ኢትዮጵያውያን ልጆችስ? ስማቸውን ያነበብሁበት መጽሐፍ የለም። ልጆቻቸው የት እንዳሉ ግን በከፊል አውቃለሁ። አንዱ ትናንት ምሳ ላይ ተቀምጦ ይስቅ ነበር።

አያቴ በጋይንት አገር ቀጥቃጭ ነበር። ጋፋት ከሠሩት ሰዎች ጋር ዝምድና ይኑረው አይኑረው ማረጋገጫ የለኝም፤ ሙያው ግን ያው ነው። መስፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ያረሰው እርሱ በሠራው ማረሻ ነው፤ ያጨደው በእርሱ ማጭድ ነው። ማረሻውን ሊወስድ የመጣ ሰው ደጅ ቆሞ ይከፍል ነበር እንጂ ቤቱ ገብቶ እህል አይቀምስም። ልጅ በታመመ ቁጥር ጎረቤት ወደ እርሱ ቤት ያያል። አባቴ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከዚያ ጠፍቶ አዲስ አበባ ገባ፤ «የማን ልጅ ነህ?» ላለው ሁሉ «የገበሬ» እያለ ኖረ። ለእኔ የነገረኝ ሊሞት ሲል ነው፤ ያውም በሩን አስዘግቶ። እኔም ለባለቤቴ ከሠርጋችን በፊት ነገርኋት። እርሷ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ «ለእናቴ ግን አትንገራት» አለችኝ። አልነገርሁም።

ይህን ሁሉ በልጅ ቋንቋ ለናሆም አወራሁለት። ለምን እዚያ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት የማሳየው ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ይሆናል። እርሱ አንድ ድንጋይ በእጁ እያገላበጠ ሰማኝ።

«ቅድመ አያቴ መድፍ ይችል ነበር?»

«ማረሻ ነበር የሚሠራው።»

«ሰው ያሳምም ነበር?»

«አያሳምምም። ሰው ነው እንዲያ የሚለው።»

ዝም አለ። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ታዲያ ትናንት ለምን ሳቅህ?»

አንድ ገበሬ በጎቹን እየነዳ በአጠገባችን አለፈ፤ «እንደምን አደራችሁ» አለን። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንደምን አደሩ» አልሁ። ሰላምታው ጊዜ ገዛልኝ፤ ነገር ግን ገበሬው አልፎ ሲሄድ ልጁ አሁንም እያየኝ ነበር።

«ፈርቼ ነው» አልሁት።

«ማንን?»

የሚፈራውን ሰው ስም ብፈልግ አጣሁት። ምሳ ላይ የነበረውን ያን ሰው ሁለተኛ አላገኘውም። አለቃዬም አይደለም፤ ዘመዴም አይደለም።

ናሆም የያዘው ድንጋይ ጥቁር ነው፤ ለመጠኑ ይከብዳል፤ በአንድ ወገኑ እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል። የምድጃ ዝቃጭ ነው ብዬ ብምል ደስ ባለኝ፤ ግን የእረኞች እሳት ያቃጠለው ተራ ድንጋይም ሊሆን ይችላል። ከታሪክ ቦታ ድንጋይ ማንሣት ነውር መሆኑን ነገርሁት፤ እውነቴን ነው፣ ነውር ነው። መልሶ አስቀመጠው። ባጃጁ ዘንድ ስንደርስ ግን ከመንገዱ ዳር፣ ጎማ ከሚረግጠው አፈር፣ ሌላ ጥቁር ድንጋይ አንሥቶ መዋኛ ልብሱ ውስጥ ጠቀለለው። ይህኛውን አልከለከልሁትም።

ቤት እንደገባን ድንጋዩን ሳሎን ካለው ቡፌ ላይ፣ ከሠርጋችን ፎቶግራፍ አጠገብ አኖረው። ባለቤቴ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ሁለት ሦስት ጊዜ ላነሣው እጄን ሰድጄ መልሻለሁ።

እሑድ አማቴ መጡ። ሁልጊዜ በዓል በመሰለ ነጠላቸው ይመጣሉ፤ ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጥተው መርቀውን ይሄዳሉ። አቦሉን በእጃቸው እንደያዙ ዐይናቸው ቡፌው ላይ ዐረፈ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የጋፋት ድንጋይ ነው እማማ» አለ ናሆም። «መድፍ የተሠራበት ቦታ ነው። የአባዬ አያት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻ ይሠሩ ነበር።»

ባለቤቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። አማቴ ስኒውን ከከንፈራቸው አራቁት። ልጁን አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ፤ በዐሥራ አንድ ዓመት እንዲያ አተኩረው አይተውኝ አያውቁም፤ እኔም አንገቴን አልደፋሁም።

ስኒውን መልሰው ወደ አፋቸው ወሰዱት። ቶናውንም ጠጡ። በረካው ሳይቀዳ «መሽቷል» ብለው ተነሡ፤ መሽቶ አልነበረም። በር ላይ ሲደርሱ ተመልሰው ናሆምን አንገቱን አቅፈው ሳሙት፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።