ጃፓንኛ በሶዶ

ከሁሉ አስቀድሜ ለአንባቢ መግለጽ የምፈልገው ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት ጃፓንኛ ዐዋቂ ሆኜ አለመሆኑን ነው። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት በጎጃም ሲሆን በወላይታ ሶዶ መኖር ከጀመርሁ ዘንድሮ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ጃፓንኛ የተማርሁት፣ መማር ከተባለ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር በምትገኘው በዚህችው ከተማ በቤቴ በረንዳ ላይ ስምንት ወር ያህል ነው። ያስተማረኝም ጃፓናዊ ሳይሆን ቀድሞ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ እኔ አማርኛ ያስተማርሁት የዚሁ አገር ልጅ ነው። አስተማረኝ ማለቴም ልክ አይደለም፤ አብረን ተማርን።

ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ከያዘ በኋላ፣ የጃፓን መንግሥት ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚሰጠውን የከፍተኛ ትምህርት ዕድል ለመወዳደር አሳብ አድሮበት ነበርና፣ አንድ ቀን ማታ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የጃፓንኛ መማሪያ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ብቻዬን ሳጠናው አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል። እርስዎ ሰዋስው ያውቃሉ፤ እባክዎን አብረን እንየው» አለኝ። እኔ ስለ ጃፓን የማውቀው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አገሩን ጎብኝተው ሲመለሱ ጽፈው በ1924 ዓ.ም. ያሳተሙት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለ መጽሐፍ መኖሩን፣ እንዲሁም በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን የጃፓንን ሕገ መንግሥት በአርኣያነት መከተሉን ነበር። የቋንቋው ነገር ግን ለእኔ የተዘጋ ቤት ነበር። ይሁን እንጂ ተማሪ የነበረ ሰው መጽሐፍ ይዞ ደጅህ ሲመጣ አላውቅም ብሎ መመለስ ለመምህር ያሳፍራልና ወንበር ሳብሁለት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ማንም ጀማሪ የሚጠይቀው ነው። ጃፓኖች ስለ ምን ሦስት ዓይነት ጽሕፈት አስፈለጋቸው? ሂራጋና የሚባለው ለአገሩ ተወላጅ ቃላትና ለሰዋስው ቅጥያዎች ነው፤ ካታካና ከውጭ ለመጡ ቃላት ነው፤ የእኛም አገር ስም «ኤቺዮፒያ» ተብሎ የሚጻፈው በዚሁ ነው። ሦስተኛው ካንጂ ከቻይና የመጣ ሲሆን እያንዳንዱ ምልክት ድምፅን ብቻ ሳይሆን ትርጉምንም ይዞ ይኖራል። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው ዝርዝር ለዕለት ተዕለት ጽሕፈት የሚያስፈልጉት ካንጂዎች 2136 ናቸው። ልጁ ይህን ቍጥር ባየ ጊዜ መጽሐፉን ከድኖ ለጥቂት ጊዜ ወደ ዳሞታ ተመለከተ። እኔም «በሀ ሁ እንጀምር» አልሁት።

በሀ ሁ ስንጀምር ነገሩ ቀለለን። ሂራጋና እንደ እኛ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ቀለም ነውና የእንግሊዝኛውን ፊደል ትተን በአማርኛ ሰንጠረዥ ሠራን፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ፤ ሳ፣ ሺ፣ ሱ፣ ሴ፣ ሶ፤ እያለ ይወርዳል። መሠረታውያኑ ምልክቶች 46 ናቸውና ከሁለት መቶ በላይ ሆሄ በልጅነቱ ለቈጠረ ሰው ብዙ አይደሉም። ሰንጠረዡ ሲያልቅ ግን ከሰባቱ ቤቶች ሁለቱ ባዶ ቀሩ። ጃፓንኛ አምስት አናባቢ ብቻ ስላለው የግዕዙ «ከ» እና የሳድሱ «ክ» ቦታ የሚሞላው ነገር አጣ። («ዴሱ» ተብሎ የሚጻፈውን ቃል ጃፓኖቹ «ዴስ» ብለው ሲጠሩት ብቻ ሳድስ በጓሮ በር ገብታ ትወጣለች።)

ልጁ ባዶዎቹን ቤቶች አይቶ ፈገግ አለና «ጋሼ፣ ይህማ የእኛ ቋንቋ ነው» አለኝ። ወላይትኛም አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው፤ ግዕዝና ሳድስ የሉትም።

አንባቢ ይፍረደኝ፤ በዚህ ከተማ ይህን ያህል ዓመት አማርኛ ሳስተምር ይህን አላውቅም ነበር። የቃል ጽሕፈት ስሰጥ «በሬ» ያልሁትን «ባሬ»፣ «ቀና» ያልሁትን «ቃና» ብለው የሚጽፉ ተማሪዎች በያመቱ ነበሩኝ። ግዴለሽነት እየመሰለኝ በቀይ ቀለም አሰምርባቸው ነበር፤ አንዳንዴም የከፋውን ስሕተት ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነብ ነበር፤ ክፍሉም ይስቅ ነበር። ልጆቹ ግን የጻፉት የሰሙትን ነው። ጆሯቸው በአምስት ቤት የተሠራ ነው፤ እኔ ሰባት ቤት ስከፍትባቸው ሁለቱ የት እንዳሉ የነገራቸው የለም።

ብድሬን ለማግኘት ብዙ አልቈየሁም። በጃፓንኛ አናባቢ ሲረዝም ትርጉም ይለወጣል። «ኦባሳን» ባ አጥራ ስትነገር አክስት ናት፤ ረዝማ ስትነገር አያት ናት። እኛ ቶኪዮ እያልን በአጭሩ የምንጠራት ከተማ እንኳ በባለቤቶቹ አፍ ቶም ዮም ረዣዥም ናቸው። ልጁ በስልኩ የተቀዳውን ድምፅ እየከፈተ «የትኛዋ ናት ጋሼ?» ሲለኝ እኔ አክስትን አያት፣ አያትን አክስት እያደረግሁ ዘር አበላሸሁ። እርሱ ግን አንድ ጊዜም አልተሳሳተም። በወላይትኛም የአናባቢ መርዘምና ማጠር ትርጉም ያለው ነውና። የድምፅ ከፍታና ዝቅታም እንዲሁ ነው፤ «አይፍያ» ከፍታው በቃሉ መጀመሪያ ሲውል ዓይን ነው፤ ወደ ኋላ ሲሸሽ ፍሬ ነው። ጃፓንኛም ድልድይንና የመብያ በትርን ሁለቱንም «ሃሺ» ብሎ የሚለየው በዚሁ በድምፅ ከፍታ ነው። እኔ በዕድሜ ልኬ የማውቀው ማጥበቅና ማላላትን ብቻ ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ፤ «ገና» ሲላላ አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓል። በዚህ ረገድ ሦስቱም ቋንቋዎች አንድ ናቸው። ነገር ግን ጃፓኖች ለማጥበቂያ አንዲት ትንሽ ምልክት ሲያኖሩ እኛ ለአንባቢው ብልኀት ትተነዋል።

እዚህ ላይ ከጉዳዬ ጥቂት ብወጣ አንባቢ አይቈጣኝ። ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በእኛው ፊደል ይጻፍ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ወደ ላቲን ተዛወረ፤ የሚረዝመውም የሚጠብቀውም ሆሄ ተደጋግሞ ይጻፋል። በፊደሌ የምኮራ ሰው ነኝና ይህን ነገር ለብዙ ዘመን እንደ ቂም ይዤው ኖሬአለሁ። ዛሬም ቢሆን ጥቂት ምልክት ቢጨመርለት ፊደላችን ይበቃ ነበር ባይ ነኝ። ነገር ግን «ኬታ»፣ ማለት ቤት፣ በፊደል ሲጻፍ ኬ መርዘሟ፣ ታ መጥበቋና መርዘሟ ሦስቱም ተደብቀው እንደሚቀሩ ያወቅሁት የጃፓን አክስትና አያት ካታለሉኝ በኋላ ነው። የቋንቋ ነገር በዚህ አገር የጨዋታ ነገር አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ በመጣ ጊዜ በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ መጻሕፍቱም ከትምህርት ቤት ወጥተዋል። እኔ ወደ ሶዶ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚያ ቀን የሚነግሩኝ ሰዎች ግን ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ወደ ሰዋስዉ ልመለስ። እንግሊዞች ጃፓንኛን ሲማሩ እጅግ የሚቸገሩት ግሡ በመጨረሻ በመምጣቱ ነው ይባላል። ለእኛ ግን ይህ እንኳን ችግር ጥያቄም አይደለም። «ትናንት የመጣው ሰው» የሚለውን ጃፓኑ «ኪኖ ኪታ ሂቶ» ሲል ትናንቱም፣ መምጣቱም፣ ሰውየውም በእኛው ተራ ተሰልፈው ነው። «በልቶ ሄደ» የምንለውን «ታቤቴ ኢታ» ይላል። ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ «ታቤቴ ሚሩ» የሚለው ነው፤ በቀጥታ «በልቶ ማየት» ማለት ነው። «እስቲ ቀምሰህ እየው» ማለት በእንጀራና በወጥ አገር ብቻ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። ምላስ የሚያይበት አገር ሁለት መሆኑን ስረዳ ከደስታዬ የተነሣ ባለቤቴን ከወጥ ቤት ጠርቼ ነገርኋት፤ እርስዋም «ታዲያ ወጡን ቅመሰውና እየው» አለችኝ።

ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ድንጋይ ግን «ዋ» እና «ጋ» የሚባሉት ሁለት ትንንሽ ቃላት ናቸው። ሁለቱም ከባለቤቱ በኋላ ይቆማሉ፤ መጽሐፉም ስለ ልዩነታቸው ብዙ ገጽ ጽፎ ሲያበቃ አንባቢውን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል። እኔ «አናታ ዋ?» የሚለውን ሳይ «አንተስ?» ማለት ነው አልሁ፤ «ዋታሺ ዋ»ም «እኔማ»፣ «እኔስ» እንደ ማለት ይሆናል። ታዲያ «ጋ»ስ? «ማን መጣ?» ለተባለ ሰው «እኔማ መጣሁ» ብሎ መመለስ አያምርም፤ «የመጣሁት እኔ ነኝ» ይላል እንጂ። ይህ የ«ጋ» ቦታ ነው። ልጁ ጥቂት አሰበና ጨመረበት። በወላይትኛ ስም ባለቤት ሲሆን መጨረሻው ይለወጣል፤ ውሃ «ሃታ» ነው፤ ውሃው ራሱ አንድ ነገር ሲያደርግ «ሃታይ» ይሆናል። «‹ጋ› የእኛ ‹ይ› ናት፤ ‹ዋ› ደግሞ የእርስዎ ‹ስ› ናት» አለኝ። ሊቃውንት ይህን አነጋገር ቢሰሙ ብዙ እንከን ያወጡለት ይሆናል፤ እኛን ግን ከድንጋዩ አሻገረን።

በቍጥር ረገድ ረጅም ነገር፣ ስስ ነገርና ሰው የሚቈጠሩበት ቃል የተለያየ መሆኑ ሲያስጨንቀው፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍሬ ሎሚ፣ ጥንድ በሬ እያልሁ አጽናናሁት። ካንጂው ሁለት ንባብ ያለው ስለ ምን ነው ብሎ ለጠየቀኝም፣ ተራራ ብቻውን ሲቆም «ያማ»፣ ከሌላ ቃል ጋር ሲጋጠም ብዙውን ጊዜ በቻይናው ድምፅ «ሳን» መባሉን ካየሁ በኋላ፣ እኛም መጽሐፍ እያልን ቤቱን ግን በግዕዙ ቤተ መጻሕፍት እንደምንለው ነው አልሁት። «አንዱ የቤት ስሙ፣ አንዱ የትምህርት ቤት ስሙ ነዋ» አለኝ። ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ቀልድ ሰማሁት።

ወደ አክብሮት ምዕራፍ ስንደርስ ግን ሥራችን ቆመ። ጃፓንኛ አንተና እርስዎን ብቻ ለይቶ አይበቃውም። ተራው መብላት «ታቤሩ» ነው፤ የሚያከብሩት ሰው ሲበላ «ሜሺአጋሩ»፣ ተናጋሪው ራሱን ዝቅ አድርጎ ስለ ራሱ ሲናገር «ኢታዳኩ» ይባላል። ለባዕድ ሰው ሲናገሩም የገዛ ቤተ ሰብን ማክበር ነውር ነው፤ የሌላውን እናት «ኦካሳን» ብሎ የሚያከብር ሰው የራሱን እናት በባዕድ ፊት «ሃሃ» ብቻ ይላታል። ልጁ ይህን ሲያነብ እርሳሱን አኖረ። እኔም ልማዱ ነው፣ ትሕትና ነው፣ እናትን መናቅ አይደለም እያልሁ ማስረዳት ጀመርሁ። እርሱ ግን አልሰማኝም።

«ጋሼ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ሴት ስለ እኔ ሊጠይቁ ትምህርት ቤት መጥተው ነበር፤ ያስታውሳሉ?» አለኝ። አላስታወስሁም። «አማርኛ ስለማይችሉ እኔን አስጠርተው አስተረጐሙኝ። ‹ምንህ ናቸው?› ብለው ጠየቁኝ። ጎረቤታችን ናቸው አልሁ።»

እናቱ ነበሩ። በዚያ ሳምንት የእርሱን «ባሬ» ለክፍሉ አንብቤበት ነበር።

ሁለታችንም ብዙ ጊዜ ዝም አልን። ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ቃሉ በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀል ጠፋኝ። በመጨረሻ «እናትህ አማርኛውን ሰምተው ይሆን?» አልሁት። «ጎረቤት የሚለውን ያውቁ ነበር» አለኝ።

ልጁ ዕድሉን አግኝቶ በመጋቢት ሄደ። በስልክ ሲነግረኝ በዚያም ገበያ የእኛው ጎደሬ «ሳቶይሞ» ተብሎ ይሸጣል፤ ባየው ጊዜ እንባው መጣ። ከሄደም በኋላ ነው ሞቶሚቺ ዋካሳ የተባሉ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ2008 ለቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ድርሰት የወላይትኛ ሰዋስው መሆኑን የሰማሁት። እኚህ ሰው ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ ተነሥተው ይህን ቋንቋ ሲያጠኑ እኔ በመካከሉ ተቀምጬ ቡናዬን እጠጣ ነበር።

ከሚያዝያ ጀምሮ በየቅዳሜው ወደ ልጁ እናት ቤት እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን የመጣሁበትን ምክንያት ማስረዳት አቅቶኝ ደጃፉ ላይ «ሳሮ» ብዬ ቆምሁ፤ እርሳቸውም «ሳሮ» ብለው አስገቡኝ። እርሳቸው ቃሉን ይናገራሉ፤ እኔ እደግማለሁ፤ አራተኛ ክፍል ያለችው ታናሽ ልጃቸው ደግሞ በላቲኑ ታጽፈኛለች። «አይፍያ» ስል ዓይን ይሁን ፍሬ ግራ እየገባቸው ይስቃሉ፤ እኔም ዓይኔን በጣቴ እያሳየሁ እድናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ልጅቱ ሃያ ቃል በቃሏ ሰጥታ አጻፈችኝና ደብተሬን ወስዳ አረመች። ቀይ እስክሪብቶ ከየት እንዳገኘች አላውቅም። ረዥሙን አናባቢ ባሳጠርሁበት ሁሉ እያሰመረች ሰባት ከሃያ ሰጠችኝ፤ ከሥሩም በአማርኛ «ጋሼ በደንብ ያዳምጡ» ብላ ጻፈችበት።